ሽቦው ክንዴን ሲወጣ

ያን ቀን ጠዋት በጃርት እሾህ ከድንጋይ ላይ ጭቃ እየፈለቀቅሁ ነበር። ጭቃው ቀይ ነው፤ በድንጋዩ ጥርሶች መካከል ይገባና ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። በብረት ከነካሽው ድንጋዩ ይጫራል፣ ውሃ ብቻውን ደግሞ አያስለቅቀውም። በጃርት እሾህ ቀስ እያልሽ ነው። ከጎኔ ጥጥ ተከምሯል፤ የጠዳውን በጥጥ እየጠቀለልሁ የጋዝ ቆርቆሮ ውስጥ እደረድራለሁ። ፀሐይዋ ወጥታ ማቃጠል ጀምራለች፣ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። መተማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ብርድ። ነጠላዬን ደረብሁ፣ የባሌን ጋቢ ደረብሁ፣ አልሞቀኝም። እሾኋ ከጣቴ እየወደቀች አስቸገረችኝ። እንዲያ ነው የጀመረኝ።

ይህን የማስጽፍሽ እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም ልጄ። ባለፈው የሰፈሩ ወጣቶች እኛ ድንጋይ እናወጣበት የነበረውን ጉድጓድ መልሰው ሲከፍቱት አይቻለሁ። አንዷን ቀጭን ልጅ ክንዷን ዘርግተው ሲለኳት አይቻለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ እኔ እንደምናገረው ጻፊው፣ ከዚያ ወስደሽ አንብቢላቸው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔና አያትሽ ፈንታሁን ከሽንፋ ወንዝ ወዲህ ሰሊጥና ማሽላ እያረስን እንኖር ነበር፤ አማቴም ከኛው ጋር ናቸው። እናትሽ ገና አልተወለደችም፤ ተጋብተን ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አላገኘንም ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጥቁር ኮረብታ ታውቂዋለሽ። ያ ድንጋይ አንዳንድ ቦታ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ማድጋ በይው። የማድጋው ግድግዳ ላይ ድንጋይ እንደ ጥርስ ይበቅላል። ነጭ አለ፣ ኩልል ያለ ውሃ የመሰለ አለ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ አለ። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነው። ያንን ባዶ ቦታ እኛ ጓዳ ነው የምንለው።

ድንጋዩን የሚገዛን ጀላባው ነበር፤ ከሱዳን በግመል እየመጣ ስኳርና ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ምን እንደሚያደርጉት አማቴ ጠየቁት።

«ካርቱም ያሉ ሀዋጆች ይገዙኛል» አላቸው፤ ፈረንጆቹን ነው። «መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል።»

«ከዚያስ?»

«ያዩታል።»

«አይፈጩበት፣ አይወቅጡበት?»

«ያዩታል ብቻ።»

«ሥራ የፈቱ» ብለው አማቴ ሳቁ። እኛ ግን እንቆፍርላቸው ነበር።

ታዲያ ጀላባው ጫፉ የተሸረፈ ድንጋይ አይነካም። ስለዚህ ወንዶቹ ጥቁሩን ድንጋይ እየሰበሩ ጠባብ መንገድ ያወጡና ጓዳው ጋ ሲደርሱ መዶሻ ያቆማሉ። ስንጥቁን እናስፋ ካሉ በመዶሻው ንዝረት ብቻ የውስጡ ሁሉ ይረግፋል። እዚያ ላይ ክንዷ የቀጠነ ሴት በደረቷ ተስባ ትገባለች። ክንዷን በስንጥቁ ሰዳ፣ ሳታይ፣ በጣቷ እየዳበሰች አንድ አንዱን ትለቅማለች። የሥራው አለቃ የባሌ አጎት አያ ተስፉ ነበሩ። የስንጥቁን ስፋት በሽቦ ለክተው ቀለበት አበጅተዋል። ጓዳ በተገኘ ቁጥር ሽቦውን በክንዳችን እያስገቡ ይለኩናል። የወንዶቹ መዳፍ ላይ ይቀራል። የኔ ከክርን በታች፣ የክንዴ መካከል ላይ ይቆም ነበር። ከሁሉ የኔ ይሻል ስለነበር ሥራው ለኔ ሆነ።

ከመሬት በታች ያለ ነገር የመንግሥት ነው ተብሎ ስለነበር በቀን አንሠራም። የምንገባው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ተራችን እስኪደርስ የጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ ከኩይሳው ሥር፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በተሰነጣጠቀበት ቦታ ጋደም እንላለን። ድምፅ የሌላት፣ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ትነክሰናለች። እሷን ከቁም ነገር ቆጥሮ ያሰባት ሰው አልነበረም።

ወደ ሕመሜ ልመለስ። ያ ብርድ ሲለቀኝ ትኩሳት ተካው። በየማታው ይመጣል፣ ጠዋት ላይ ሻል ይለኛል። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ዛፍ ሥር ነው ወረፋው፤ የሚያስመልሰው አለ፣ ጭንቅላቱን አስሮ የተኛ አለ። ድሬሰሩ ተራዬ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ፣

«ወባ ነው» አለኝ።

አልፈርድበትም። እዚያ ዛፍ ሥር ከተቀመጥነው ብዙው ወባ ነው። እንክብሉን ሰጠኝ፤ ሬት ነው የሚመስለው። ጆሮዬ ጮኸ፣ ገላዬን እስክደማ አከክሁ። ትንሽ ቀን ተወኝና ተመልሶ መጣ። እንደገና ሄድሁ፣ እንደገና ወባ ነው አለኝ፣ እንደገና ዋጥሁ።

የገረመኝ ነገር፣ እበላለሁ። አፌ ምግብ አልጠላም። የበላሁት ግን ገላዬ ላይ አያርፍም። ጉንጬ ጎደለ፣ ቀሚሴ ሰፋ፣ ፊቴ ጠቆረ። በዚያው ሰሞን ወንዶቹ አዲስ ጓዳ አገኙ፣ አያ ተስፉም ሽቧቸውን ይዘው መጡ። ክንዴን ሰጠኋቸው። ሽቦው ክርኔን ዘሎ ወጣ።

«እንዴት ያለ ክንድ ነው የሰጠሽ» አሉኝ። «ከማን ቤት ነው የወጣሽው አንች ልጅ።»

ያን ቀን ከጓዳው ጥግ ማንም ደርሶበት የማያውቀውን ወይን ጠጁን ድንጋይ አወጣሁ። ሳይሸረፍ፣ ከነሙሉ ጫፉ። ጀላባው ሲያየው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሁሉም ተደሰተ፤ እኔም ትኩሳቴን ረስቼ ተደሰትሁ። አየሽ፣ ሌላ አገር ሰው ሲከሳ ምን ሆነሽ ይባላል። እኛ ጋ ስከሳ ተመረቅሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሽቦው ከዚያም አልፎ ወጣ። ከዚያ ወደ ብብቴ ተጠጋ። እያንዳንዱ ሰው ሽቦውን ያያል፤ እኔን ያየኝ አልነበረም።

ከኛ ጋር ይሠራ የነበረ የበለሳ ልጅ ነበር፤ ሳሉግ ነው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ እዚሁ የቀረ። እሱም እንደኔ በየማታው ያተኩሰው ጀመር። አፍንጫው ይደማል። ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ ቀጠነ። አንድ ጠዋት ለሥራ ሲጠሩት ሳይነሳ ቀረ። ወባ በላው ተባለና ቀበርነው። ከቀብር ስመለስ እጄን ወደ ሆዴ ሰደድሁ። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ነገር አለ። ለማንም አልተናገርሁም። በየማታው ግን ጋቢውን ተከናንቤ እዳብሰዋለሁ። ትናንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ደርሷል እያልሁ። ፈንታሁን እንዳይሰማኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሆዴ ሲገፋ ያዩት አማቴ ናቸው። የወር አበባዬም ቀርቷል። አትፈሪ፣ እሱንም ጻፊው።

«ተመስገን» አሉ። «ገንፎ ልበላ ነው። እኔም ለምን ጠቆረች እያልሁ ነበር።»

«እማማ፣ እኔ እንጃ» አልኋቸው። «ያመኛል።»

«ልጅ ነው የሚያምሽ። መጀመሪያ ነውና አታውቂውም።»

ፈንታሁን ገንዳ ውሃ ከተማ ሄዶ ማር ይዞልኝ መጣ። እኔ ግን ሽሉ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እጠብቃለሁ፣ አይንቀሳቀስም። በውስጤ የማላውቀው ነገር እያደገ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲል፣ ያንን ፍርሃት በምን ቃል እንደምነግርሽ አላውቅም።

ክረምት ሳይገባ አንድ የመጨረሻ ጓዳ ተገኘ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ።

«ነፍሰ ጡር ጉድጓድ አትገባም።»

«ዝናብ ከወረደ ጀላባው ይሄዳል» አሏቸው አያ ተስፉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ገና መች ገፋና።»

ገባሁ። በደረቴ እየተሳብሁ፣ ኩራዙን ከፊት ከፊቴ እየገፋሁ። ጓዳው ጋ ሳይደረስ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ አለ፣ አንገቱ እንለዋለን፤ ትከሻን ሰብሰብ አድርጎ ማለፍ ነው። ትከሻዬ አለፈ፣ ደረቴ አለፈ፣ ሆዴ ቀረ። ወደፊት ብል እንቢ አለ። ወደኋላ ብል ጭራሽ ተቆለፈ። ፈንታሁንን ስጠራው ድምፄ ከፊቴ ካለው ድንጋይ ተመልሶ ፊቴን መታኝ።

«እግሯን ይዘህ ሳባት» ሲሉ ሰማኋቸው አያ ተስፉን፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነው።

ፈንታሁን ተስቦ መጣና ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ሲስበኝ በግራ ጎኔ ቢላዋ የገባ መሰለኝ።

«ተው፣ ልትገድለኝ ነው።»

ወዲያው ለቀቀኝ።

«ምን ሆንህ፣ ሳብ እንጅ» አሉ አያ ተስፉ።

«አልስባትም። ከሥሯ እቆፍራለሁ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

ኩራዙ ጠፋ። አየሩ ከበደኝ። ድንጋዩ ጀርባዬ ላይ ነው፣ ጉንጬ ጭቃ ላይ ነው፣ እጆቼ ወደፊት እንደተዘረጉ ናቸው፣ ወደኋላ መልሼ ፊቴን መጥረግ አልችልም። የምሰማው የፈንታሁንን ጥፍር ብቻ ነው። ጭቃውን ይፍቃል፣ ጠጠሩን ያወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይፍቃል። ሲያርፍ «አለህ?» እለዋለሁ። «አለሁ» ይለኛል። ሆዴ ሥር ያለው መሬት ቀስ እያለ ወረደልኝ። ሲያወጣኝ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ከጣቶቹ ደም ይፈሳል።

የዚያን ዕለት ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ሱዳን ሥራ ሄዶ ከልጆቿ ጋር ብቻዋን ትኖር ነበር። ቀሚሴን ገልጣ ሆዴን ዳበሰችው።

«እታለም፣ እኔ የልጅ መዓት ወልጃለሁ» አለችኝ። «ልጅ ይገላበጣል፣ ይራገጣል፣ መሐል ላይ ነው የሚቀመጠው። ይኸ በግራ ብቻ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያድጋል።»

«አፍሽን ዝጊ» አሏት አማቴ።

«እሽ እማማ፣ አፌን ልዝጋ። ሆዷን ምን እናርገው?»

አማቴ ጥግ ይዘው አለቀሱ። ልጅ አለመሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

ከዚያ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ተጠራ። ጣፊያ ነው፣ እሳት ይፈራል አለ። ጣፊያ በግራ ጎን ያለችው ናት። ብረቱን አግሎ ሆዴን ተኮሰኝ። ጠባሳውን አይተሽዋል፣ ልጅ ሆነሽ በጣትሽ ትቆጥሪው ነበር። ቁስሉ መገለ፣ ትኩሳቱ ባሰ፣ እንደ በለሳው ልጅ አፍንጫዬ መድማት ጀመረ። ደሙን ሳይ የሱ መቃብር ነው የታየኝ።

«ጎንደር ትሂድ» አለች ዘይነባ።

ችግሩ ማን ይወስደኛል ነው። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ወንድ እየታፈሰ ለውትድርና ይወሰዳል።

«ቢወስዱኝም ልሂድ» አለ ፈንታሁን።

«አንተን ኬላ ላይ ካወረዱህ እሷን ማን ይደግፋታል? እኔ እወስዳታለሁ። እኔን ማን ያፍሰኛል? የሚቀልበኝ ከተገኘማ እሰየው።»

ልጆቼን ለማን ልተው ብላ ገና ሳትጨነቅ አማቴ ተነሱ። «እኔ ጋ ይደሩ» አሉ። አፍሽን ዝጊ ያሏት ሰው ናቸው። ፈንታሁን ፍየሎቻችንን ሸጠ፣ ከገበሬ ማኅበሩም የይለፍ ወረቀት አመጣ።

የሄድነው በጥጥ መኪና ላይ ነው። ከፊት ወታደር፣ ከኋላ ወታደር፣ መኪኖቹ ተከታትለው። ጥጡን ጎድጎድ አድርገው አስተኙኝ። ድንጋዮቹን እጠቀልልበት የነበረው ጥጥ ነው፤ አሁን እኔ ተጠቀለልሁበት። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዘይነባ በሁለት እጇ ሆዴን ትይዝልኛለች። «አብሽሪ» ትለኛለች። «አብሽሪ እታለም፣ ደረስን።» ገና ግማሽ መንገድ አልሄድንም ነበር።

ጎንደር ሐኪም ቤት ግቢው ሙሉ ሰው ነው። አጥሩን ተደግፈን ተቀመጥን። በሩ ሲከፈት ሁሉም ይነሳል፣ ሲዘጋ ሁሉም ይቀመጣል። እኔ መነሳቱ አቃተኝ። በዚያ ቀን አልደረሰንም፤ ደጅ አደርን። የማናውቃት የጎንደር ሴት የልጇን አንሶላ አልብሳኝ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው። ሆዴን ሲጫነው ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ሥራ ነው የምትሠሪው?»

ድንጋይ ከመሬት እናወጣለን ብል ባሌ ሊታሰር ነው። ዘይነባም መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሙ ገባው መሰለኝ ወንበሩን አስጠጋ።

«ሥራሽን ተይው። አመሻሽና ንጋት ላይ ስንጥቅ መሬት፣ ኩይሳ አጠገብ ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

«ድምፅ የሌላት ትንሽ ዝንብ ትነክስሻለች?»

«ትነክሰኛለች።»

ቀጭን መርፌ አስገብቶ ከውስጤ ትንሽ ወሰደ። ማታ መጥቶ ነገረኝ። ካላዛር ይባላል አለኝ። ዝንቧ ናት የምታጋባው፤ ገብቶ ጣፊያ ላይ ይቀመጥና ያሳብጠዋል፣ ደም ይጨርሳል፣ የወባ እንክብል አይነካውም። ካልታከመ ይገድላል። ስለ ጉድጓዱ በደፈናው ጠባብ ቦታ ተጣብቄ ነበር ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

«በጉልበት ጎትተውሽ ቢሆን ጣፊያሽ ይፈነዳ ነበር። ማነው ያልጎተተሽ?»

«ባሌ» አልሁት። ከታመምሁ ጀምሮ ያለቀስሁት ያኔ ነው።

መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ በየቀኑ፣ ወር ሙሉ። ጡንቻዬ አብጦ መቀመጥ አቃተኝ፣ መገጣጠሚያዬ ታሰረ፣ የበላሁትን አስመልሳለሁ። የሐኪም ቤቱ አስታማሚ ሲያጥወለውለኝ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዬ ላይ ትይዝልኛለች። ሐኪሙ የጣፊያዬን ጠርዝ ሆዴ ላይ በቀለም አሰመረው። «ከዚህ መስመር ወደ ላይ ከሸሸ ድነሻል፣ ወደ ታች ከወረደ ንገሪኝ» አለኝ። በጨለማ መስመሩ አይታይም፤ የጣፊያዬን ጠርዝ በጣቴ እፈልገዋለሁ። ወርዶ ይሆን እያልሁ ላብ ያጠምቀኛል።

ከአጠገቤ ከአብደራፊ የመጣች ልጅ ተኝታ ነበር፤ በሽታችን አንድ ነው፣ እሷ ግን የመጣችው ዘግይታ ነው። ስለ እናቷ ታወራልኝ ነበር። አንድ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አልኋት ዘይነባን።

«አገሯ ገባች።»

ነጠላዋ አልጋው ሥር ወድቋል። አየሁት፣ ዘይነባም ማየቴን አየች።

ከዚያ ጣፊያዬ ከመስመሩ ወደ ላይ መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ አላመንሁም፤ ዘይነባን ጠርቼ በጣቷ አስለካኋት። ትኩሳቱ አንድ ማታ ሳይመጣ ቀረ። በነጋታውም አልመጣም። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «ዝንቧ ባለችበት ቦታ በምሽት አትቀመጭ» አለኝ። አገሬ ሙሉ ስንጥቅ ነው አላልሁትም።

ለሚያነብም ለሚሰማም ይህን ልበል። ትኩሳት በወባ መድኃኒት አልለቅ ካለሽ፣ እየበላሽ ከከሳሽ፣ በግራ ጎንሽ የሚጠነክር ነገር ከመጣ፣ አትተኮሺ፣ አትጠብቂ። መርፌው ያማል፣ ያድናል ግን። የምትከሳ ሴት ካያችሁ ክንዷን አትለኩ፣ ምን ሆነሽ በሏት። እኔ እስካሁን በየማታው አውራ ጣቴንና መሐል ጣቴን ክንዴ ላይ አገናኛለሁ። ቀንሼ ይሆን ብዬ ነው። ድኛለሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልዳነልኝም።

ቤቴ ስገባ አማቴ አላወቁኝም ነበር፤ ፊቴ ሞልቷል። ጥቂት ወራት አለፉ፣ ዝናቡ ቆመ፣ ጀላባው ተመለሰ። አያ ተስፉ ሽቧቸውን ይዘው መጡ። እኔና ዘይነባ በር ላይ ተቀምጠን የማሽላ እሸት እየበላን ነበር።

«እስኪ ክንድሽን» አሉኝ።

ሳላስበው ዘረጋሁላቸው፣ ልምድ ነው። ሽቦው ቆዳዬን ሲነካኝ ያ ጨለማ ትዝ አለኝ፣ ጭቃው አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ። አያ ተስፉ ገፉት። መዳፌን አለፈና ትንሽ ሄዶ ቆመ። ገፉት፣ አልሄደም። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሽቦውን መልሰው አወጡና ወደ ኮረብታው ሄዱ።

ዘይነባ ትኩሱን እሸት ፈልፍላ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝና ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

«ብይ እታለም» አለችኝ። «ያ ሽቦ ክርንሽ ጋ እንዳይደርስ ብይ።»